በመሃል ምን ሆነ?

ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ጅማን የሚያውቅ ሰው ይህን ወቅት ያውቀዋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁም የምትደማመጡት በጩኸት ነው። እናቴ ከሰሉ አጠገብ ሆና ቡና ትቆላለች። የእህቴ ልጅ ሚጡ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራለች። ስልኬን ብርጭቆ ላይ አስደግፌ ባትሪውን አብርቼላታለሁ። ማትሪክ ደርሶባታል።

የያዘችው ጥያቄ አጭር ነው። ከላይ 1፣ ከታች ሁለት ኤክስ ሲቀነስ 1። ግራፉን ሳሉ ይላል። ሚጡ ሰንጠረዥ ሠራች። ኤክስ 0 ሲሆን መልሱ −1። 1 ሲሆን 1። 2 ሲሆን አንድ ሦስተኛ። 3 ሲሆን አንድ አምስተኛ። በግራ በኩልም እንዲሁ ሄደች፤ ቁጥሮቹ ያው ናቸው፣ ምልክታቸው ብቻ ይቀየራል። ስድስት ነጥብ አስቀመጠች። ከዚያ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ እርሳሷን ሳታነሳ፣ ሁሉንም በአንድ መስመር አገናኘቻቸው።

ያምራል። ከግራ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ዜሮ ላይ ይታጠፋል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ አንድ ላይ ደርሶ ይታጠፋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወርዶ ይተኛል።

ሳቄ መጣ። ይህን ሥዕል አውቀዋለሁ። ከ17 ዓመት በፊት እኔው ስዬዋለሁ፤ ያውም ፈተና ላይ።

ፍሬሽ ነበርኩ። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ይቅር። የካልኩለስ ሚድ ነው፤ ጥያቄዋ ከ10 ትያዛለች። ሃይስኩል እያለን ግራፍ ማለት ሰንጠረዥ ሠርቶ ነጥብ ማገናኘት ነበር፤ በዚህ ደግሞ እጄ የተመሰከረለት ነው። እንደኔ ለስላሳ መስመር የሚያወጣ ክፍላችን ውስጥ አልነበረም። ወረቀቱ ሲመለስ ከ10 አንድ አገኘሁ። እሷም ግራፉ ዋይ አክሲስን የሚቆርጥበትን ቦታ ስላወቅኩ የተጣለችልኝ ናት። በዜሮና በአንድ መካከል ቀይ ክብ ተደርጎ «በመሃል ምን ሆነ?» ተብሎ ተጽፏል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። አስተማሪው በአማርኛ መጻፉ ራሱ ስድብ መሰለኝ።

ቢሮው ሄጄ ተከራከርኩ። «ቲቸር፣ ነጥቦቼ እኮ በሙሉ ልክ ናቸው» አልኩት።

«ልክ ናቸው» አለኝ። «መስመሩን ግን ከየት አመጣኸው?»

መልስ አጣሁ። መስመሩ ከየትም አልመጣም፤ እጄ ለምዶ የሳለው ነው።

ወረቀቱን ገልብጦ ዴሪቬቲቩን ጻፈልኝ። ከላይ −2፣ ከታች ያው ሁለት ኤክስ ሲቀነስ 1፣ ስኩዌር ሆኖ። የታችኛው ስኩዌር ስለሆነ ከዜሮ በታች አይወርድም። የላይኛው ምንጊዜም −2 ነው። ስለዚህ ዴሪቬቲቩ የትም ብትሄድ ኔጌቲቭ ነው። ዴሪቬቲቭ ማለት ደግሞ ስሎፕ ነው፤ ፖዘቲቭ ሲሆን ዳገት፣ ኔጌቲቭ ሲሆን ቁልቁለት። «ይሄ ፈንክሽን ዳገት የሚባል ነገር አያውቅም» አለኝ። «ዜሮ ላይ −1 ነበር። አንድ ላይ ግን 1 ሆኗል። ቁልቁለት ብቻ የሚወርድ ሰው ከፍ ያለ ቦታ እንዴት ደረሰ?»

አስበህበት ነገ ና ብሎ ሸኘኝ።

ዶርም ገብቼ አልጋዬ ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ ዴሪቬቲቩን ተሳስቷል ብዬ ደግሜ ሠራሁት። አልተሳሳተም። ከዚያ ካልኩሌተሬን ይዤ፣ ሰንጠረዤ የዘለለው ቦታ ውስጥ መግባት ጀመርኩ። 0.4 ላይ −5። 0.49 ላይ −50። 0.499 ላይ −500። እየወረደ ነው፤ ያውም እየባሰበት። ከወዲያኛው በኩል ዞሬ መጣሁ። 0.51 ላይ 50። 0.501 ላይ 500። ግማሽ ላይ ስሞክረው ካልኩሌተሩ «ኤረር» አለኝ፤ ታችኛው ዜሮ ሆነበታ።

ሰውየው ዳገት አልወጣም ለካ። ገደል ነው የገባው። ወርዶ ወርዶ ከወረቀቱ ጠፋ፤ ከማዶ ደግሞ ከሰማይ መጥቶ እንደገና መውረድ ጀመረ። ግማሽ ላይ መሬቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ላይ የሚሰመረው ቀጥ ያለ መስመር አሲምፕቶት ይባላል። እኔ በላዩ ላይ ድልድይ ሠርቼበት ነበር።

የሚያጽናናኝ ነገር ቢኖር፣ የድሮዎቹ ግራፍ የሚስሉ ካልኩሌተሮችም በዚሁ ስህተት ይታሙ ነበር። እነሱም ነጥብ በነጥብ አስልተው ነው የሚያገናኙት። ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይጎትቱና ተማሪው የግራፉ አካል መስሎት ይገለብጠዋል።

ይህ ሁሉ ግን ሥራ እስክይዝ ድረስ ለኔ የፈተና ወሬ ብቻ ነበር። ተመርቄ ወደ ጅማ ስመለስ እንጀራ ያገኘሁት መንገድ ቅየሳ ላይ ነው። ለማያውቀው ልንገር፦ አንዱ ሌቭል የሚባለውን መሣሪያ ተክሎ በመነጽሩ ያያል፤ ሌላው ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ፣ ስታፍ የምንለውን፣ ይዞ በየ20 ሜትሩ ይቆማል። ከፍታው ይመዘገባል። ቢሮ ሲገባ ነጥቦቹ ይገናኙና የመሬቱ ፕሮፋይል ይወጣል። ያው ሰንጠረዥ ነው። ያው ነጥብ ማገናኘት ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ወር ከአጋሮ መንገድ ገባ ብሎ ያለ የገጠር መንገድ ላይ ነበርን። በየ20 ሜትሩ አንብብ ተባልኩ፤ በየ20 ሜትሩ አነበብኩ። አንዲት አላጎደልኩም። ቢሮ ስንገባ ፕሮፋይሉ አንድ ቦታ ላይ ሜዳ አሳየ። አለቃችን በዕድሜ የገፉ ቀያሽ ነበሩ። ወረቀቱን ጥቂት አዩና «እዚህ ጋ አይደለም እንዴ ተንሸራተህ የወደቅከው?» አሉኝ። እዚያ ጋ ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ሰው የሚውጥ የጎርፍ ቦይ አለ። እኔ ከወዲህ አንብቤ፣ ቦዩ ውስጥ ወድቄ፣ ጭቃዬን አራግፌ፣ ከወዲያ አነበብኩ። የወደቅኩበትን ግን አልመዘገብኩትም፤ 20 ሜትር አልሞላማ። በኔ ወረቀት መንገዱ ቢሠራ እዚያ ቦታ ቱቦ አይቀበርም ነበር። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ መንገዱን ይዞት ይሄድ ነበር።

«ሜትሩን ቁጠር» አሉኝ ሽማግሌው። «ግን መሬቱ በተሰበረበት ሁሉ ደግሞ ቁም።»

ቀይ እስክሪብቶው ትዝ አለኝ።

ዴሪቬቲቩን ዜሮ አድርገን ኤክስን የምንፈልገው ለዚህ ነው። መሬቱ የት ጋ እንደሚታጠፍ ጭቃ ሳንረግጥ ማወቅ ነው። መታጠፊያዎቹንና ስንጥቆቹን ካገኘህ በኋላ መቶ ነጥብ አያስፈልግህም። ትክክለኛው ቦታ ላይ የቆሙ አራት አምስት ነጥቦች ይበቁሃል። በየመካከላቸው ዳገት ይሁን ቁልቁለት የዴሪቬቲቩ ምልክት ይነግርሃል። ልጆቹ «ሳይን ቻርት» የሚሉት እሱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የሚጡ ደብተር ላይ «የስኬች 7 እርምጃዎች» የሚል ዝርዝር አለ። ዶሜን (ኤክስ ሊሆናቸው የሚችላቸው ቁጥሮች)፣ ኢንተርሴፕት፣ ሲሜትሪ እያለ ይወርዳል። ስህተት የለበትም። ሚጡ በቃሏ ትለዋለች፤ እንቅልፏን ብትቀሰቅሷትም ትለዋለች። ግን የመጀመሪያውን እርምጃ «ዶሜን፦ ከግማሽ በስተቀር ሁሉም» ብላ በጥሩ ጽሕፈት ጽፋ፣ ሁለት መስመር ወረድ ብላ ግማሽ ላይ መስመሯን አሳልፋለች። እኔ ብሆን ዝርዝሩን ትቼ፣ መጀመሪያ «የት ጋ ነው የሚሰነጠቀው?» ብላ እንድትጠይቅ ነበር የማደርጋት።

«ማትሪክ ላይ እኮ ምርጫ ነው ጋሼ» አለችኝ። «ለምን ብዬ ነው የምስለው?»

ይሄኛው ጥያቄ እውነት አለው። ስለዚህ አልመለስኩላትም።

ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ ጋ ስንደርስ ነገሩ ከበደ፤ ስሎፑ ራሱ እንዴት እንደሚለወጥ የሚነግረን እሱ ነው። ኮንኬቭ አፕ፣ ኮንኬቭ ዳውን። ቃሉን ታውቀዋለች፣ አይታያትም። ጅሬን የወጣችበትን ቀን አስታወስኳት። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ከትምህርት ቤት በእግር የሄዱ ቀን ማታ እግሯን ስትታሽ አድራለች። ዳገት ሲጀመር ለስለስ ይላል። እየሄድክ ትንፋሽህ እያጠረ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ካለፈው እየከበደ ይመጣል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ነገሩ ይለወጣል። አሁንም እየወጣህ ነው፤ ግን ዳገቱ መለሳለስ ጀመረ። አናቱ ላይ ስትደርስ ሜዳ ነው። ሰው ሁሉ አናቱን ያስታውሳል፤ ከተማው ከሥር ተዘርግቶ ይታያላ፣ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው። እግር የሚያስታውሰው ግን ያቺን መሃል ላይ ያለችውን ቦታ ነው፤ ዳገቱ ከሁሉ የከፋባትን። ኢንፍሌክሽን ፖይንት ማለት እሷ ናት።

አንዳንድ ዳገት ደግሞ ያታልላል። መሃል ላይ ሜዳ ይሆንና ደረስን ስትል እንደገና ይቀጥላል። ኤክስ ኪዩብ እንደዚያ ነው። ዜሮ ላይ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ይሆናል፤ ግን መታጠፊያ አይደለም፣ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነው። ዴሪቬቲቩ ዜሮ በሆነ ቁጥር «ማክሲመም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ እዚህ ጋ ነው የሚያዘው።

እናቴ በዚህ መሃል ቡናውን ወቅጣ ጀበናዋን ጥዳለች። ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተደፍተዋል። አንዱን አነሳሁ። «ይኸውልሽ። ቡና የሚይዝ ስኒ፣ ኮንኬቭ አፕ። የተደፋ ስኒ፣ ኮንኬቭ ዳውን። ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ ፖዘቲቭ ከሆነ ቡና ይይዛል፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ይፈሳል።»

«ስኒዬን ከነካካህ አንተው ታጥባለህ» አለች እናቴ።

ሚጡ የራሷን ጥያቄ ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ሠራች። ከግማሽ በስተግራ ኔጌቲቭ፣ የተደፋ ስኒ። ከግማሽ በስተቀኝ ፖዘቲቭ፣ የቆመ ስኒ። ፈጠን ብላ «ኢንፍሌክሽን ፖይንቱ ግማሽ ላይ ነው!» አለች። ምልክቱ እውነትም ተቀይሯል። «ፖይንቱን አሳዪኝ እስቲ» አልኳት። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አንቀሳቀሰች፣ አንቀሳቀሰች፣ የምታሳርፍበት አጣች። ግማሽ ላይ ፖይንት የለም። ስንጥቅ ነው ያለው።

በስኒ ስንጫወት ያለፈው ሳምንት ጭቅጭቃችን ትዝ አለኝ። ሬዲዮ ላይ የዋጋ ንረት ቀነሰ ሲባል እናቴ ሁልጊዜ ትናደዳለች። «የት ገበያ ነው የቀነሰው? ሄርማታ መርካቶ መጥተው አይገዙም ወይ?» ትላለች። ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን እየጠራች ትቆጥርልኛለች። ዜናው የሚናገረው ስለ ስሎፑ ነው፤ እሷ የምትናገረው ስለ ግራፉ። ዋጋው ራሱ ፈንክሽኑ ነው። ንረቱ ዳገቱ ነው። ንረቱ ቀነሰ ማለት ዳገቱ ለስለስ አለ ማለት እንጂ ቁልቁለት ተጀመረ ማለት አይደለም። ዋጋው አሁንም ሽቅብ ነው፤ የተደፋ ስኒ ጎን ላይ እየወጣ ነው። እንዲወርድ ከተፈለገ ንረቱ ከዜሮ በታች መግባት አለበት። በስኒው አሳየኋት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው እንደ ድሮው አልፈጠነም፣ ግን ተወደደ በለኛ» አለችኝ። ዜና አንባቢው እንደሷ ቢለው ስንት ጭቅጭቅ በቀረ።

«ይሄን ነገር ማን ነው ያመጣብን?» አለች ሚጡ።

ሌይብኒዝ በ1684 ስለ ካልኩለስ የመጀመሪያ ጽሑፉን ሲያሳትም ርዕሱ ላይ የሰፈረው ይኸው የኛ ጉዳይ ነው፤ ማክሲመም፣ ሚኒመምና ታንጀንት ማግኛ አዲስ ዘዴ ይላል። በ1696 ደግሞ የመጀመሪያው የካልኩለስ መማሪያ መጽሐፍ ፈረንሳይ ውስጥ ወጣ። ያወጣው ማርኪ ደ ሎፒታል የሚባል ባላባት ነው፤ የሎፒታል ሕግ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ሕጉን ያገኘው ግን ዮሐን በርኑሊ ነበር። ሎፒታል በዓመት 300 ሊቭር እከፍልሃለሁ፣ የምታገኘውን ነገር ላክልኝ ብሎ ተዋውሎት ነበር። ሚጡ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። «አሳይመንት አስጽፎ ነዋ!» አለች። ከማታው ሁሉ በደንብ የገባት ይህ ይመስለኛል።

ከመተኛታችን በፊት አንድ ነገር ላሳያት ፈለግሁ። ያ የተሳሳተው ሥዕል፣ የኔም የሷም፣ ባለቤት አለው። ከላይ ኤክስ፣ ከታች ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1። ይህን ስትስሉት ትንሽ ወደ ጎን ገፋ ብሎ ያው ሥዕል ይመጣል። ከግራ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ −1 ላይ ይታጠፋል፣ በዜሮ በኩል ሽቅብ ይወጣል፣ 1 ላይ ግማሽ ደርሶ ይታጠፋል። 2 ላይ 0.4፣ 3 ላይ 0.3 እያለ ወርዶ ይተኛል። እዚህ ታችኛው መቼም ዜሮ አይሆንም፤ ከ1 አያንስም። ስንጥቅ የለም፣ እርሳስ አይነሳም። የዴሪቬቲቩ ምልክትም ከ−1 እስከ 1 ፖዘቲቭ፣ ከዚያ ውጭ ኔጌቲቭ ነው።

17 ዓመት ሙሉ ያ መስመር ልክ ያልሆነ መስሎኝ ኖሬያለሁ። መስመሩስ ልክ ነበር። የሌላ ሰው ፎቶ ነው ለጥፌ የሰጠሁት።

ሚጡ ግን ሌላ ነገር ያዘችኝ። «አሲምፕቶቱ ኤክስ አክሲስ አይደል? እሱን ደግሞ ዜሮ ላይ ቆርጦት አለፈ። አሲምፕቶት አይነካም ተብለናል።» ይህን ያላላት የለም፤ እኔም ተብያለሁ። ቀጥ ብሎ የቆመው አሲምፕቶት አይነካም፤ ፈንክሽኑ እዚያ ቦታ ላይ የለማ። የተጋደመው ግን ሌላ ነው። እሱ የሚናገረው ስለ ሩቁ ብቻ ነው፤ በቀኝም በግራም ርቀህ ስትሄድ ወዴት እንደምትጠጋ። ቅርብ ላይ ብትቆርጠው፣ ደግመህ ብትቆርጠው፣ ከልካይ የለህም።

መብራት መጣ። ሚጡ ቀና እንኳ አላለችም። አዲስ ወረቀት አወጣች። ግማሽ ላይ በነጠብጣብ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ከግራ ጀምራ ቀስ እያለች ወረደች፣ ዜሮ ላይ −1ን ነካች፣ አልታጠፈችም። ቁልቁል ቀጠለች። ወረቀቱ አለቀ። እርሳሱ ግን አልቆመም፤ የጠረጴዛውን ላስቲክ እየጫረ ወረደ።

«ኧረ ላስቲኬን!» አለች እናቴ ስኒዋን እንደያዘች። «ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ?»

«ወደ ታች ነው የሚሄደው እማማ።»

«እስከ የት ድረስ?»

ሚጡ እኔን አየችኝ። ከዚያ እርሳሷን አነሳችና ከወረቀቱ በላይ፣ ላስቲኩ ላይ፣ ከነጠብጣቡ በስተቀኝ አስቀምጣ ቁልቁል ጀመረች።